ከበረንዳ የማይገባው ሰው

የጋሼ ደምሴን መሞት የነገረን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከጫግኒ ኑግ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ፣ እንደ ልማዱ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ እትዬ ጥሩነሽ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ሻዩ ቀረበለት። ስኳሩን እያማሰለ፣ "ያ ፎቶ አንሺያችሁ አረፈ አይደል፤ ጫግኒ ተቀበረ" አለ፤ ወሬው ቀድሞት ዳንግላ የገባ መስሎት።

እኔ ከበረንዳው ጥግ በስፌት መኪናዬ ላይ ነበርሁ። እጄ ሲቆም እግሬ አልቆመም፤ መርፌው የያዝሁትን ኮት እጅጌ ከጎኑ ጋር ሰፍቶት ሄደ። እትዬ ጥሩነሽ ትሪዋን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቀረች። "የትኛው ፎቶ አንሺ?" ስትል ጠየቀች። ለዳንግላም፣ ለእንጅባራም፣ ለጫግኒም ያለው ፎቶ አንሺ አንድ እሱ ብቻ መሆኑን ከሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ሾፌሩ ያኔ ነገሩ ገባው። ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣና ባርኔጣውን አወለቀ። ሳምንት እንዳለፈው፣ ቀብሩንም እሱ ራሱ እንዳላየ፣ የሰማውን ብቻ እንደሚናገር አስረዳን።

በኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ጋሼ ደምሴ ግን እናውቅለት የነበረ ዘመድ አልነበረውም፤ መርዶው ለማን ይሂድ? ሻይ ሊጠጣ የቆመ መንገደኛ አረዳን፤ እኔና እትዬ ጥሩነሽም ዘመድ ሆነን አለቀስን።

ወደ ዳንግላ የመጣው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ በክረምት ነው። የእትዬ ጥሩነሽ ቤት በጣሊያን ጊዜ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነበር። ከፊቱ ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ በረንዳ አለው፤ ከበረንዳው ቀጥሎ የውኃ ቦይ፣ ከቦዩ ቀጥሎ መንገዱ። አግዳሚዎቹ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ወደ መንገዱ ያያሉ። ባላገሩ ገበያ ሲመጣ ፈረሱን ከበረንዳው ምሰሶ ያስራል፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ ሻይ የሚጠጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ ከፈረስ ጋር ተፋጥጦ ነው የሚጠጣው።

ያን ቀን ዝናቡ ያስፈራ ነበር። አንድ ረጅም ሰው ባለ ሦስት እግር የእንጨት ማቆሚያ በትከሻው ተሸክሞ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሳጥን በደረቱ አቅፎ ከአውቶቡስ ወረደ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ነው፤ ዕቃ መሸከም ያጎበጠው። የጣቶቹ ጫፍ የእንሶስላ ቀለም የነካው ይመስል ጠቁሯል፤ ኋላ እንደገባን ፎቶ የሚያጥብበት መድኃኒት ነው። እትዬ ጥሩነሽ ውስጥ እሳት እንዳለ ነግራ ግባ አለችው። አመሰገናትና ከውጭው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠ። ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ሲመታው አግዳሚውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገ እንጂ አልገባም። ኩራተኛ መስሏት ተቀየመች። ሻዩን ስትሰጠው ግን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ከመጠጣቱ በፊት መንገዱን ግራና ቀኝ አይቶ፣ "እንዴት ያለ ቦታ ነው የተቀመጣችሁበት" አለን። ሁላችንም ዞረን መንገዱን አየን። ጭቃ፣ ሁለት አህያ፣ አንድ ጃንጥላ የያዘ ቄስ ነበር። እኛ ምንም አልታየንም።

ሥራው በየገበያው መዞር ነበር። አንድ ሰሞን ዳንግላ፣ አንድ ሰሞን እንጅባራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ቅዳም፣ ብርድ ሲጠናበት ጫግኒ። ሌላ ሰው ስለ ዘመዶቹ እንደሚያወራ እሱ ስለ ሻይ ቤት በረንዳዎች ያወራል። የእንጅባራው ቀርከሃ የታጠረና ጣሪያው የሚያፈስ ነው፤ ግን ማለዳ ከዘንገና ሐይቅ በኩል ጉም ሲወርድ መንገዱ ይጠፋና፣ ፈረሰኛው ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ በድምፁ፣ ቀጥሎ በበርኖሱ፣ መጨረሻ በፊቱ ይመጣል ይላል። የአዲስ ቅዳሙ ጠባብ ነው፤ ከሰል ተሸክመው የመጡ ሰዎች ፊታቸውን ሳይታጠቡ ተቀምጠው ይስቃሉ፤ ጥርሳቸውን ማየት ነው ይላል። የጫግኒውን የማንጎ ዛፍ ጥላ ብሎ ሲነግረን፣ እኛ ደገኞች ማንጎ እምብዛም ስለማናውቅ፣ እንደ ተረት ነበር የምናዳምጠው። የኛን በረንዳ የሚወደው ለጠዋቱ ብርሃን ነው። "እዚህ ፀሐይዋ ከመንገዱ ማዶ ወጥታ ሰውን ፊት ለፊት ሰላም ትለዋለች" ይል ነበር።

ሰውን ዝም ብሎ አያነሣም። ፎቶ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይቀመጥና ሻይ ይጠጣ ነው የሚለው። ያን ጊዜ ባላገሩ ፎቶ ሲነሣ ትንፋሹን ውጦ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ እንደ ተከሳሽ ነበር የሚቆመው። ጋሼ ደምሴ የፎቶ ማንሻ ሳጥኑን ቦዩ ማዶ ተክሎ፣ ጥቁሩን ጨርቅ አልብሶ፣ እሱ መጥቶ ከሰውየው ጎን ይቀመጣል። ስለ በሬው፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል። ሰውየው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እፍ እያለ ሲጠጣ፣ ሳጥኑ እዚያ መቆሙን ሲረሳ፣ ጋሼ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ይሄዳል። ሰው ሻይ ሲጠጣ ፊቱን ይረሳዋል ይላል። የረሳውን ፊት ነው የሚያነሣው።

እኔ ደግሞ ኮት አውሳለሁ። ተሰፍተው ባለቤታቸውን የሚጠብቁ ኮቶች ከኔ ዘንድ ስለማይጠፉ፣ ፎቶ ተነሺው አንዱን ደርቦ ይቀመጣል። በዳንግላ ዙሪያ ስንት ቤት ግድግዳ ላይ የትምህርት ቤቱ መምህር ያሰፋው ኮት በፎቶ እንደተሰቀለ መምህሩ ራሱ አያውቅም ነበር። ጋሼ ግን ኮቱን አይወደውም። እየሳቀ ያነሣቸዋል፤ ሲጨርስ "አሁን ደግሞ በራስህ ልብስ" ብሎ ሁለተኛ ያነሣና ያንን ለራሱ ያስቀምጠዋል።

ሌሊት የሚተኛውም በረንዳው ላይ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ጥጉን በቀርከሃ ከለለችለት፤ ጠፍር አልጋ አስገባን። በዚያ ብርድ! የከተማው ሰው ብዙ አወራ። ስለት አለበት ያለ አለ፤ ቆርቆሮ ቤት ተደርምሶበት ያውቃል ያለም አለ። እሱ አንዱንም አላስተባበለም። እኔ አንድ ቀን ምነው ጋሼ ብለው፣ "ፎቶ አንሺ ጨለማ አያጣም። ጨለማዬን ሳጥኑ ውስጥ ዘግቼዋለሁ፤ እኔ ውጭ ልሁን" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

እውነቱን ያወቅሁት ከታሰረ በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን ከወደ መሀል አገር ተሹሞ የመጣ አንድ ባለሥልጣን ነበር። ፎቶ ለመነሣት ፈልጎ ጋሼ ደምሴን አስጠራው። መነሣት የፈለገው ከቢሮው ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ነው። ጋሼ ከደጅ ቆሞ በትሕትና፣ ክፍሉ ብርሃን እንደማይበቃው፣ ጌቶች ወደ ሰገነቱ ብቅ ቢሉለት መልካቸው እንደሚያምር አስረዳ። ሹሙ መብራት ይጨመርልሃል ግባ አለው። አልገባም። ሦስተኛ ሲያዝዘው፣ "ጌታዬ ይማሩኝ፣ በር ያለበት ቤት ውስጥ እጄ አይሠራም" አለ። ንቀት ሆኖ ተቆጠረበት። እኔን ከነጋዴና ከጭነኛ ጋር አግዳሚ ላይ ሊያስቀምጠኝ ነው ብሎ ተቆጣና ወህኒ አስገባው።

መስኮት የሌለው ክፍል ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ምግብ ስትወስድ ሳይነካው ይመለሳል። ከውስጥ ድምፁን ሰምታ መጣች፤ የሰው ስም እየጠራ "መጣሁ፣ መጣሁ" እንደሚል ነገረችኝ፤ ስሙን ግን አልለየችውም። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዘን ሹሙ ደጅ ጠናን፤ ድንጋይ ተሸክመን ይቅርታ ጠየቅን። ተፈታ። ሲወጣ ያ ረጅም ሰው ግድግዳ ይዞ ነበር የሚሄደው። በረንዳው ላይ አስቀመጥነው። ሻይ ቀረበለት፤ ግማሹ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ብሎ ሳለ፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ። እኔ ስፌቴን አላቆምሁም፤ ማቆም መናገሩን የሚያስቆመው መሰለኝ።

በወጣትነቱ አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ዘንድ ሥራውን ተማረ። ኋላ ደብረ ማርቆስ ወርዶ ፎቶ ቤት ከፈተ፤ ዘነበች የምትባል ልጅ አገባ። ቤቱ ባለ ሦስት ክፍል ነው፤ ከፊት ፎቶ ማንሻው፣ ከኋላ መኖሪያው፣ በስተጎን ፎቶ የሚያጥብበት፣ ጭላንጭል እንዳይገባው የተደፈነ ጨለማ ክፍል። ዘነበች የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ገና ነበር። አንድ ቀን የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ ሰርግ አንሥቶ መጣና፣ ለማግስቱ ይድረስ ስለተባለ ከጨለማው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። በዚያ ሰዓት በሩ ቢከፈት ብርሃን ገብቶ ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

"ደምሴ አለችኝ" አለኝ። "ትንሽ ቆዪ፣ ብርሃን ይገባብኛል አልኋት። ሁለተኛ ጠራችኝ። መጣሁ አልኋት። ሦስተኛ አልጠራችኝም፤ ተወችው ብዬ ደስ አለኝ።"

አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ አቧራው እስኪሰክን ጠበቀ።

ሲወጣ በሩ ሥር ነበረች። ደም ፈሷት፣ ራሷን በጨለማው ክፍል በር ላይ አስደግፋ። እሷም ልጁም አልተረፉም።

"የሰርጉ ፎቶ ግን ጥሩ ሆኖ ወጣ" አለኝ። "ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠራኝ የማልሰማበት ቦታ አልገባም።"

ፎቶ ቤቱን ሸጦ፣ ውስጡ ፎቶ የሚታጠብበትን ይህን ሳጥን ገዝቶ መንገድ ጀመረ። መንገድ ዳር፣ ሰው በሚያልፍበት፣ ማንም "አንተ" ቢለው በሚሰማበት መኖር ጀመረ። ለካ እኔ የሻይና የጨዋታ ፍቅር ነው ብዬ የማየው፣ ቅጣትም መጠለያም ነበር። ሆኖም ሁለቱን መለየት አልችልም። በረንዳውን ይወደው ነበር፤ እውነተኛ መውደድ። ሰው ሐዘኑ የወሰደው ቦታ ላይ ደስታ ቢያገኝ ምን ይባላል? እኔ መስፋቴን ቀጠልሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ የሚባለው ለትኩስ ሐዘን ነው።

ከዚያ የሆነው ነገር ስሙን በአገሩ ሁሉ አደረሰው፤ እሱን ግን ጎዳው።

አንድ ማለዳ ከጥርባ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ሚስታቸውን በፈረስ አስቀምጠው፣ እሳቸው ልጓሙን ይዘው መጡ። ሽማግሌው አያ ተሰማ ይባላሉ። ሚስታቸው አገውኛ እንጂ አማርኛ አይናገሩም። ልጃቸው ዓለሙ ከመንገድ ሠሪዎች ጋር የቀን ሥራ ገብቶ፣ ድንጋይ ሲፈነቅሉ ተራራው ተንዶበት ሞቷል። ሬሳው በሸራ ተጠቅልሎ ነው የመጣላቸው። ፊቱ የሚታይ ስላልነበረ ሽማግሌዎች እናቲቱን ገልጠው እንዳያዩ ከለከሉ። እንግዲህ እኒህ እናት የቀበሩት ሸራ ነው። ልጄ መሆኑን በምን አውቃለሁ እያሉ እህል ከአፋቸው አልገባ አለ። ከመንገድ ሠሪዎቹ አንዱ፣ እንጅባራ ሻይ ቤት ደጅ አንድ ፎቶ አንሺ አብረን ሳለን አንሥቶን ነበር ስላላቸው፣ ጋሼ ደምሴ የት እንደሚገኝ ጠይቀው መጡ።

"ካለህ አሳየን፤ ከሌለህም የለኝም በለንና እንሂድ" አሉት አያ ተሰማ።

ጋሼ ፎቶ የሚያስቀምጥበትን የቆርቆሮ ሳጥን ከአልጋው ሥር ጎተተው። በየከተማው ለይቶ በክር ያሰራቸው ወረቀቶች ናቸው፤ በእነሱ ላይ ሰው የሚታየው ተገልብጦ ነው፤ ፊቱ ጥቁር ቢሆን ነጭ፣ ነጠላው ነጭ ቢሆን ጥቁር። የእንጅባራዎቹን ፈትቶ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ያነሣል። እናቲቱን አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ብንላቸው እምቢ ብለው ከምሰሶው ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔም ስፌቴን ተውሁት። ቀኑ ሲጋመስ ጋሼ አንዱን ወረቀት ይዞ ቆየ፤ ከዚያ አያ ተሰማን ዓለሙ ረጅም እንደሆነ፣ ጆሮው ላይ ጠባሳ እንዳለው ጠየቃቸው። ሽማግሌው ጆሮውን በልጅነቱ ፈረስ ነክሶት እንደነበር ነገሩት።

ወረቀቱን ከሳጥኑ ፊት አቁሞ፣ ከሰዎቹ መካከል የዓለሙን ፊት ብቻ ለይቶ እንደገና አነሣው። እጁን በጨርቁ እጅጌ አስገብቶ ውስጥ አጠበው። ሲያወጣው ውኃው ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ለአባትየው ሰጠ። አያ ተሰማ አይተውት ለሚስታቸው አሳለፉና ፊታቸውን ወደ ፈረሱ አዞሩ።

ልጁ ብርጭቆ በእጁ ይዞ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል። እናቲቱ በጣታቸው ጆሮውን ነኩ። ብዙ ቆይተው አዩት። ከዚያ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አያ ተሰማ ሳይዞሩ ተረጎሙት፤

"ቤት ውስጥ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ማን ነው ያሳቀው? ትላለች።"

ጋሼ ደምሴ ከፊታቸው መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። ከዓለሙ ጓደኞች አንዱ ስኳር መስሎት ጨው ጨምሮ ሻዩን እንደጠጣ፣ እንዳይተፋው አፍሮ እንደዋጠው፣ ዓለሙም እሱን አይቶ እንደሳቀ ነገራቸው። አያ ተሰማ ተረጎሙላቸው። እናቲቱ ትንሽ ሳቅ አሉ። ልክ እንደ ልጃቸው ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው። ከዚያ ፎቶውን በነጠላቸው ጋርደው አለቀሱ፤ እንደዚያ ያለ ለቅሶ፣ ሲያልቅ ሰውን የሚያሳርፍ ለቅሶ፣ ከዚያ በፊት አልሰማሁም። ሲነሡ ዳቦ እንቁረስልዎ ብላ እትዬ ጥሩነሽ ብታቀርብላቸው በሉ።

በአርባው ተዝካር የዓለሙ ፈረስ ጌጡን ለብሶ፣ ፎቶው ከኮርቻው ላይ ታስሮ፣ የአገሩ ፈረሰኛ ሁሉ በዙሪያው ጋለበ ሲሉ ሰማን።

እነሱ ከሄዱ በኋላ የጨውና የስኳሩ ነገር እውነት መሆኑን ጠየቅሁት።

"አላስታውሰውም" አለኝ። "የዚያን ቀን ብዙ ሰው አንሥቻለሁ። እናት ጠይቃኝ አላውቅም ልበላት? አንዴ ቆዪ ያልሁበት ይበቃኛል።"

ያ ወሬ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ልጁ የሞተበት፣ ባሏ በውኃ የተወሰደባት፣ ወንድሙ አገር ጥሎ የጠፋበት ሁሉ ወደ በረንዳችን መጣ። የኔም ልጅ ገበያ ሲመጣ አንተ ዘንድ ሻይ ይጠጣ ነበር ይሉታል። የቆርቆሮ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም። የለኝም ባለ ቁጥር ከሰውነቱ አንድ ነገር የሚጎድል ይመስል ነበር። አንዲት ሴት የጠፋባት ሰው ፎቶ እንዳልተገኘ ሲነግራት፣ ከተገኙት ውስጥ የሚመስለውን አንዱን ስጠኝ ብላ ለመነችው። ሰጣት። ያን ዕለት ማታ እህል አልቀመሰም።

ብርዱም ገባበት፤ ያስለው ጀመር። ክረምቱ ሲቃረብ እትዬ ጥሩነሽ ወደ ቤት ገብቶ እንዲያድር ደጋግማ ለመነችው። እሷ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ገና ጉልበት ያላት ሴት ነበረች። አንድ ምሽት እኔ መኪናዬን ሸፍኜ ልሄድ ስል፣ ከቀርከሃው ከለላ ወዲያ ድምፅዋን ሰማሁ።

"በሩን ክፍት አድርጌ አድራለሁ" አለችው። "አልዘጋውም፤ ጨርሶ አልዘጋውም።"

ጠፍር አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

"ጅብ ይገባብሻል፣ ጥሩዬ" አላት። ቁልምጫ ሲጠራት የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

በሳምንቱ ወደ ጫግኒ ሊወርድ ተነሣ። ቆላው ይሞቀኛል፣ ሳሉም ይተወኛል አለ። እትዬ ጥሩነሽ ወባው እንደ ሳሉ እንኳ ለማስታመም ጊዜ አይሰጥም ብላ ተቆጣች፤ ሲሳፈርም አልወጣችም። እኔ ማቆሚያውን አቀበልሁት። የጭነት መኪናው ላይ፣ ከጆንያው በላይ፣ ሳጥኑን ታቅፎ ተቀመጠና ባርኔጣውን አነሣልኝ። ወደ ሻይ ቤቱ በር አየ። መኪናው ተነቃነቀ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

መርዶውን በሰማን በሦስተኛው ቀን እትዬ ጥሩነሽ ሻይ ቤቷን ዘጋች። ስትዘጋው ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። በዚያው ሾፌር መኪና ወደ ጫግኒ ወረድን። የቀበረው ሐሰን የሚባል ሻይ ቤት ያለው ሰው መሆኑን ሾፌሩ ያውቅ ስለነበር ከደጁ አወረደን። ሐሰን ሽበት የጀመረው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከየት እንደመጣን ስንነግረው ሳንጨርስ ገባው፤ እንድንቀመጥ አግዳሚውን በፎጣ ጠረገልን። የማንጎ ዛፉ ከላያችን ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ቀና ብላ አየችው።

መጀመሪያ ወደ መቃብሩ ወሰደን። ሐሰን እስላም ነው፤ ሟቹ ክርስቲያን መሆኑን ስለሚያውቅ ራሱ ሄዶ ካህናቱን አነጋግሮ፣ ቦታ አሰጥቶ፣ ሬሳውን ተሸክሞ እስከ ቅጥሩ በር አድርሷል። አፈሩ ገና ቀይ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ተንበርክካ በእጇ ደለደለችው፤ አልጮኸችም።

ተመልሰን አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ እንዴት እንደሞተ ነገረን። ወባው ይዞት ሰንብቷል። የገበያ ቀን ስለነበረ ጠዋት ተነሥቶ እዚያው ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ ሳጥኑን ግን አልተከለም። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ሲበረታ ሐሰን ውስጥ አልጋ እንዳለ፣ ጋደም እንዲል ለመነው። ሰው ይጠራኝ ይሆናል፤ እዚሁ ይሁን አለው። ጋቢ ደረበለት።

"ገበያው ሲበተን ሰው በፊቱ ያልፋል" አለ ሐሰን። "ሁሉም ያውቀዋል፤ እንደምን ዋልህ ይለዋል፤ እሱም እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እኔ ውስጥ ሻይ እያፈላሁ እሰማዋለሁ። እንደምን ዋልህ ይላሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ከዚያ አንዲት ሴት እንደምን ዋሉ አለች፤ መልስ አልሰማሁም። ያልሰማት መሰለኝ። ሌላ ሰው አለፈ፤ እሱንም አልመለሰለትም። ያኔ በራዱን ጥዬ ወጣሁ። ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ሰዉም አላወቀ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ እያለሁ እንኳ፣ እንደምን ዋልህ እያለው ያልፍ ነበር።"

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ያን ቀንም ሰው ከየሥራው ይመለስ ነበር። የማናውቃቸው ሰዎች፣ እሱ የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ሁለት እንግዳ ተቀምጠው አይተው፣ እንደምን ዋላችሁ እያሉን አለፉ። እኔ አንገቴን ብቻ ጎንበስ አደረግሁላቸው። እትዬ ጥሩነሽ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና፣ መንገዱ ሰው እስኪያጣ ድረስ፣ ለያንዳንዳቸው እግዚአብሔር ይመስገን እያለች መለሰች።